የብራውዘር ፕሪንት ኮድ፦ ስህተት ውጦ «ታትሟል» የሚለውን ኮድ ከየት ጀምረን እናስተካክል?

ገጽ_ቆራጭ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። መሠረቱ ጌኮ (የፋየርፎክስ ሞተር) የሆነ የክፍት ምንጭ ብራውዘር የፕሪንት ኮድ እያጸዳን ነው። ሁሉም ነገር ሲሳካ ኮዱ ጥሩ ይሠራል፤ የሚያስቸግረው አንድ ነገር ሲበላሽ ነው። ደጋግመው የሚመዘገቡት ባጎች ሦስት ናቸው።

ዊንዶውስ ላይ «ማይክሮሶፍት ፕሪንት ቱ ፒዲኤፍ» ተመርጦ የፋይል ስም ሲጠየቅ ተጠቃሚው ከሰረዘ፣ «በማተም ላይ ሳለ ስህተት ተፈጥሯል» የሚል መልእክት ይወጣል። ሊኑክስ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ዲስኩ ሞልቶ እንኳ ምንም አይባልም፣ ፒዲኤፉ ግን ግማሽ ላይ ተቆርጦ ይቀራል፣ አይከፈትም። ሦስተኛው፣ ፕሪንት እየተደረገ ታቡ ሲዘጋ አልፎ አልፎ ብራውዘሩ ክራሽ ያደርጋል።

ዋናው ፋንክሽን ሲያጥር ይህን ይመስላል (ስሞቹን ለንባብ እንዲቀሉ በአማርኛ አድርጌያቸዋለሁ)፦

ባዶ አትም(ሰነድ) {
    ጀምር(ሰነድ.ርዕስ);
    ለእያንዳንዱ(ገጽ) {
        ገጽ_ጀምር();
        ሳል(ገጽ);
        ገጽ_ጨርስ();
    }
    ጨርስ();
    አሳውቅ("ታትሟል");
}

በአንድ ትልቅ ፓች (የኮድ ለውጥ) ከመገልበጥ ደረጃ በደረጃ መሄድ ይሻላል ብዬ አስባለሁ። ከየት ይጀመር?

መልስ 1 · ስፑለር_ጠባቂ

የዊንዶውሱ ባግ ቀላል ስለሆነ በእሱ ልጀምር። ያ የፒዲኤፍ ማተሚያ የተያያዘው «ፖርትፕሮምፕት» ከሚባለው ፖርት ጋር ነው። የፋይል ስም የሚጠይቀው ዲያሎግ የብራውዘሩ አይደለም፤ ስታርትዶክ (ሰነድ ማተም የሚጀምረው የዊንዶውስ ጥሪ) በተጠራበት ቅጽበት ሲስተሙ ራሱ ነው የሚያወጣው። ተጠቃሚው ሲሰርዝ ስታርትዶክ እንደወደቀ ሆኖ ይመለሳል። መሰረዙን ከውድቀት የሚለየው የጌትላስትኤረር (የመጨረሻውን ስህተት የሚናገር የዊንዶውስ ጥሪ) ኮድ ብቻ ነው፦

ቁጥር = ስታርትዶክ(ዲሲ, መረጃ);
ከሆነ (ቁጥር <= 0) {
    ኮድ = ጌትላስትኤረር();
    ከሆነ (ኮድ == 1223) መልስ ተሰርዟል;
    መልስ አልተሳካም(ኮድ);
}

1223 «ኤረር ካንስልድ» ነው። በዚህች አጭር ኮድ ውስጥ ሁለት ቦታ ይሳሳታል። መፈተኛው «ከዜሮ ጋር እኩል» ተብሎ ከተጻፈ ኔጌቲቭ ቁጥር ሾልኮ ያልፋል፤ ስታርትዶክ ሲሳካ ከዜሮ የሚበልጥ የጆብ (የህትመት ሥራ) ቁጥር ይመልሳል፣ ከዜሮ በላይ ያልሆነ ሁሉ ውድቀት ነው። ስታርትፔጅ፣ ኢንድፔጅና ኢንድዶክም እንደዚያው ናቸው። ሌላው፣ ጌትላስትኤረር በቀጥታ በሚቀጥለው መስመር ላይ መጠራት አለበት። በመሃል ሎግ ከተጻፈ ወይም አንድ ጊዜያዊ ኦብጀክት ከፈረሰ፣ በውስጡ የሚደረግ የዊንዶውስ ጥሪ ኮዱን ይለውጠዋል። 1223 የነበረው ዜሮ ሆኖ ይነበብና «ምክንያቱ ያልታወቀ ስህተት» ይባላል።

በዚያው እጅህ የወደቀበትን መንገድም እየው። በሦስተኛው ገጽ ላይ አንድ ነገር ከተበላሸ ኢንድዶክ አይጠራም፤ የሚጠራው አቦርትዶክ ነው። ኢንድዶክ ለስፑለሩ (የህትመት ወረፋውን ለሚያስተናግደው የሲስተም ክፍል) «ሰነዱ ሙሉ ነው፣ አውጣው» እንደማለት ስለሆነ፣ ሁለት ገጽ ተኩል ወረቀት ላይ ይወጣል፣ ተጠቃሚው ደግሞ ሙሉው እንደወጣለት ያስባል።

መልስ 2 · የኮድ_እመቤት

ከየት ይጀመር ላልከው፣ መጀመሪያ መነካት ያለበት የፋንክሽኖቹ መመለሻ ነው። «ባዶ» (ቮይድ፣ ማለትም ምንም ውጤት የማይመልስ) ፋንክሽን ስህተቱን ለጠሪው የሚያቀብልበት መንገድ የለውም። ጌኮ የሚገነባው ኤክሴፕሽን ተዘግቶ ስለሆነ ትራይ-ካች አይታሰብም። ጀምር፣ ገጽ_ጀምር፣ ሳል፣ ገጽ_ጨርስ፣ ጨርስ አምስቱም ኤንኤስሪዘልት (የጌኮ የውጤት ኮድ) ይመልሱ፣ ሁሉም ላይ «ኖዲስካርድ» (ውጤቱ አይጣል) ይለጠፍባቸው። ከሲፕላስፕላስ 17 ጀምሮ በቋንቋው ውስጥ ያለ ምልክት ነው። ማስጠንቀቂያውን ወደ ስህተት ከቀየርከው ኮምፓይለሩ ውጤቱ የተጣለበትን ቦታ አንድ በአንድ ያወጣልሃል፤ በዓይን መፈለግ አያስፈልግም።

ይህ ፓች ግን ባህሪ አይቀይር። መመለሻውን ብቻ ለውጥ፣ ጠሪው ለጊዜው እንደድሮው ይቀጥል። ሪቪው የሚያደርግ ሰው ሁለት መቶ መስመር መመለሻና አምስት መስመር የባህሪ ለውጥ በአንድ ላይ ከቀረበለት አምስቱን ያልፋቸዋል።

ቀጥሎ ማጽዳቱ ነው። በየመውጫው «አቋርጥ፣ ዝጋ፣ ሜሞሪ ልቀቅ» እየተባለ የሚጻፍ ኮድ ውስጥ አንዱ መውጫ መረሳቱ አይቀርም። ጠባቂ ኦብጀክት ሥራውን አንድ ቦታ ይሰበስበዋል፦

~የህትመት_ጠባቂ() {
    ከሆነ (ተጀምሯል እና አልተጠናቀቀም)
        ዲቫይስ.አቋርጥ();
}

ሰነዱ ተሳክቶ ሲያልቅ ግን መጨረሱን ለዲስትራክተሩ (ኦብጀክቱ ሲፈርስ ለሚሮጠው ኮድ) አትተውለት። ዲስትራክተር ስህተት መመለስ አይችልም፤ ከስህተቶቹ ብዙዎቹ ደግሞ የሚታዩት ልክ ሲጨረስ ነው። «ጨርስ» በግልጽ ይጠራ፣ ውጤቱ ይፈተሽ፣ ሲሳካ ብቻ «ተጠናቋል» የሚለው ምልክት ይደረግ።

ከስፑለር_ጠባቂ ነጥብ ጋር የሚገናኝ አንድ ነገርም አለ። ጠባቂው ሲፈርስ አቦርትዶክን ይጠራል፣ እሱም የጌትላስትኤረርን ኮድ ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ ኮዱ ጠባቂው ከመፍረሱ በፊት ተነቦ በመመለሻው ውስጥ ይቀመጥ።

መልስ 3 · ዜሮ_ገጽ

የሊኑክሱ ባግ ሥሩ ካይሮ (ገጹን ወደ ፒዲኤፍ የሚስለው ላይብረሪ) ላይ ነው። የካይሮ ሰርፌስ (የሚሳልበት ኦብጀክት) አንዴ ስህተት ውስጥ ከገባ እዚያው ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ የምትጠራቸው የመሳያ ፋንክሽኖች ሁሉ ምንም ሳይሠሩ በዝምታ ይመለሳሉ። ሳል(ገጽ) ሃምሳ ጊዜ ተጠርቶ ሃምሳውም «የተሳካ» ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ከየገጹ በኋላ የሰርፌሱን ስታተስ ጠይቅ። በመጀመሪያው ስህተት ላይ ቁም።

ዲስክ ሲሞላ ግን ይህም ላይበቃ ይችላል። የፒዲኤፉ መጨረሻ፣ የፎንቶቹና የማውጫ ሰንጠረዡ ክፍል፣ የሚጻፈው ሰርፌሱ ሲዘጋ ነው። በባፈር ውስጥ የቆየው ዳታም የሚፈሰው ያኔ ነው። የጽሑፍ ስህተቱ የሚወጣው ሰርፌሱ «ፊኒሽ» ከተደረገ በኋላ ስለሆነ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ ፊኒሽ አድርግ፣ ስታተሱን ጠይቅ፣ ፋይሉን ዝጋ፣ የመዝጊያውንም ውጤት ፈትሽ። «ታትሟል» የሚባለው ከአራቱ በኋላ ነው። አሁን ባለው ኮድህ አሳውቅ() የሚጠራው የጨርስን ውጤት ሳያይ ነው፤ ባጉ ያለው እዚያ መስመር ላይ ነው።

ለመሞከር ዲስክ መሙላት አያስፈልግም። ሊኑክስ ላይ /ዴቭ/ፉል የሚባል ፋይል አለ፤ የሚጻፍበትን ሁሉ «ቦታ የለም» ብሎ ይመልሳል። የፒዲኤፉን መድረሻ ወደዚያ አድርገህ አትም። ብራውዘሩ «ታትሟል» ካለ ባጉ አልተስተካከለም።

ሌላው፣ በቀጥታ በተጠቃሚው ፋይል ላይ አትጻፍ። ትናንት የተቀመጠ ደህና ፒዲኤፍ ላይ ተጽፎ ግማሽ ላይ ከቆመ አሮጌውም አዲሱም ይጠፋሉ። ጊዜያዊ ፋይል ላይ ጻፍ፣ ሁሉም ከተሳካ በኋላ ስሙን ቀይረው።

መልስ 4 · ገጽ_ቆራጭ

@ዜሮ_ገጽ ጊዜያዊ ፋይል ከተጠቀምን /ዴቭ/ፉል ላይ መሞከር አይቻልም፤ የሚጻፈው ሌላ ቦታ ነውና። ጊዜያዊውን /ቲኤምፒ ላይ ብናደርገውስ?

መልስ 5 · ዜሮ_ገጽ

/ቲኤምፒ ላይ አይሆንም። ብዙ ሲስተም ላይ /ቲኤምፒ የተለየ ፋይል ሲስተም ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው «ሪኔም» ሲደረግ ከርነሉ «ኤክስዴቭ» የሚል ስህተት መልሶ እምቢ ይላል። ጊዜያዊው ፋይል ከመድረሻው ጋር በአንድ ፎልደር ውስጥ ይሁን። ፎልደሩ ላይ የመጻፍ ፈቃድ ከሌለም ችግሩ የሚታወቀው ገና ሳይታተም ነው፣ ይህ በራሱ ጥቅም ነው።

ለቴስቱ ደግሞ 64 ኪሎባይት የሆነ ቲኤምፒኤፍኤስ (ሜሞሪ ላይ የሚፈጠር ፋይል ሲስተም) ማውንት አድርገህ ፎቶ ያለበት ገጽ እዚያ ላይ አትም። በመሃል ይሞላል። ሦስት ነገር ፈትሽ፦ የስህተቱ ኮድ «ቦታ የለም» መሆኑን፣ ጊዜያዊው ፋይል መሰረዙን፣ ቀድሞ የነበረው ፋይል አለመነካቱን። /ዴቭ/ፉል ለታችኛው የመጻፊያ ክላስ ዩኒት ቴስት ይቆይ።

መልስ 6 · የኮድ_እመቤት

ወደ ክራሹ። ታቡ ሲዘጋ ብቻ አይደለም የሚመጣው። ፕሪንት ሲጀመር «ቢፎርፕሪንት» የሚባለው ኢቨንት ይላካል፤ ያ ማለት የገጹ ጃቫስክሪፕት በእናንተ ፋንክሽን መሃል ይሮጣል ማለት ነው። ስክሪፕቱ አይፍሬሙን (በገጹ ውስጥ የተቀመጠውን ሌላ ገጽ) ከገጹ ሊነቅለው፣ መስኮቱን ሊዘጋው፣ ጭራሽ እንደገና ዊንዶው.ፕሪንት ሊጠራ ይችላል። የፕሪንት ዲያሎጉም ክፍት ሆኖ ሲጠብቅ ሌሎች ኢቨንቶች እየተስተናገዱ ነው። ፋንክሽኑ ከእነዚህ ሲመለስ በእጁ የያዘው ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) የሞተ ኦብጀክት ላይ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ሁለት ክፍል አለው። ኢቨንት ከመላክህ በፊት በራስህ ላይ ጠንካራ ሬፈረንስ ያዝ፤ በጌኮ ኮድ ውስጥ «ኩንግፉዴዝግሪፕ» የሚል ስም ያለው ቫሪያብል ካየህ ሥራው ይህ ነው። ይህ ኦብጀክቱ እንዳይፈርስ ያደርጋል፣ ትክክለኛ ሁኔታ ላይ እንዳለ ግን አያረጋግጥም። ስለዚህ ስክሪፕት ሊሮጥበት ከሚችል ጥሪ በኋላ ሁሉ «አሁንም ዶክሼል (ገጹን የያዘው የጌኮ ኦብጀክት) አለን? ጆቡ ተሰርዟል?» ብሎ መጠየቅና ካልሆነ በ«ተሰርዟል» መውጣት ያስፈልጋል። ሬፈረንሱን ይዞ ጥያቄውን መርሳት ክራሹን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ብቻ ነው።

የዊንዶው.ፕሪንት ድጋሚ ጥሪ ደግሞ «ሥራ ላይ ነኝ» የሚል ኮድ ተመልሶለት ይለፍ፤ ሁለተኛ ጆብ አይጀመርለት።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን «አፍተርፕሪንት» ነው። ብዙ ገጾች በቢፎርፕሪንት ላይ ሜኑአቸውንና ማስታወቂያቸውን ይደብቃሉ፣ በአፍተርፕሪንት ላይ ይመልሳሉ። ፕሪንቱ ሲወድቅ ኮዱ ቀደም ብሎ ከተመለሰ አፍተርፕሪንት አይላክም፣ ገጹም ሜኑ አልባ ሆኖ ይቀራል፤ ተጠቃሚው ሪፍሬሽ እስኪያደርግ ድረስ። ይህንንም በጠባቂ ኦብጀክት አድርገው፦ ቢፎርፕሪንት ከተላከ፣ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፣ አፍተርፕሪንት ይላካል።

መልስ 7 · ፊደል_በባይት

ለእኛ ቋንቋ የሚብስ አንድ የስህተት ምንጭ ልጨምር፤ የሰነዱ ርዕስ። ኮዱ ጀምር(ሰነድ.ርዕስ) ብሎ ርዕሱን እንዳለ ይልከዋል። በአይፒፒ (ኮምፒውተር ከፕሪንተር ጋር በሚነጋገርበት) ፕሮቶኮል የጆብ ስም ከ255 ባይት አይበልጥም። ሊኑክስ ላይም በተለመዱት ፋይል ሲስተሞች የፋይል ስም ጣሪያው ያው 255 ባይት ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሚወስድ 85 ፊደል ላይ ሞላ ማለት ነው። ለፋይል ስም «.ፒዲኤፍ» የሚለው ቅጥያ በላቲን ከነነጥቡ 4 ባይት ይወስዳል፣ ለርዕሱ 251 ይቀራል፣ ያ ደግሞ 83 ፊደል ነው። ባዶ ቦታ አንድ አንድ ባይት ስለሆነ ትንሽ ይረዝማል፤ ቢሆንም ረዘም ያለ የዜና ርዕስ በቀላሉ ያልፈዋል። ኤንቲኤፍኤስ ላይ ግን ጣሪያው 255 የዩቲኤፍ-16 አሃድ ነው፤ የተለመዱት የግዕዝ ፊደላት እያንዳንዳቸው አንድ አሃድ ናቸው። ባጉ ዊንዶውስ ላይ ሳይታይ ሊኑክስ ላይ የሚታየው፣ በእንግሊዝኛ ርዕስ የተጻፈ ቴስትም የማያገኘው ለዚህ ነው።

መቁረጥ ያስፈልጋል፣ ሲቆረጥ ግን በፊደል ወሰን ላይ ይሁን። በጭፍን 255ኛው ባይት ላይ የተቆረጠ ስትሪንግ የፊደል ስባሪ ሊይዝ ይችላል፣ ያ ልክ ያልሆነ ዩቲኤፍ-8 ነው፤ የፕሪንት ሰርቨሩም ጥያቄውን ላይቀበለው ይችላል። ከመጨረሻው ወደ ኋላ እየሄድክ የመጀመሪያ ሁለት ቢታቸው «10» የሆኑትን ባይቶች ዝለላቸው፣ የፊደሉ መጀመሪያ ላይ ስትደርስ ከዚያ በፊት ቁረጥ።

ከርዝመቱ ሌላ ምልክቶቹም አሉ። ብዙ ሰው በግዕዝ ነጥብ ፈንታ የላቲን ኮለን ይጽፋል፣ ርዕሱም ውስጥ ይገባል። ዊንዶውስ ላይ ኮለን በፋይል ስም ውስጥ የተለየ ትርጉም አለው፤ ኤንቲኤፍኤስ ከኮለን በኋላ ያለውን የአማራጭ ዳታ ስትሪም ስም አድርጎ ሊወስደው ይችላል። ርዕሱ «ዜና: ስፖርት» ቢሆን ውጤቱ «ዜና» የሚባል ዜሮ ባይት ፋይል ነው፤ ይዘቱ በማይታየው ስትሪም ውስጥ ይገባል፣ ስህተትም አይመለስም። ከፋይል መምረጫ ዲያሎግ የሚመጣ ስም ይጣራል፤ ያለ ዲያሎግ በቀጥታ ወደ ፋይል የሚያትመው መንገድ ግን ራሱ ማጣራት አለበት። እውነተኛዎቹ የግዕዝ ነጥቦች (፡ እና ።) ምንም ችግር የለባቸውም፣ አትንኳቸው።

መልስ 8 · ገጽ_ቆራጭ

ይህ በዝርዝራችን ውስጥ ጨርሶ አልነበረም፤ እናመሰግናለን። 84 ፊደል ያለ ባዶ ቦታ የተደረደረበት ርዕስ ያለው ገጽ ወደ ቴስቶቹ ገብቷል።

የአውታረ መረብ ፕሪንተርስ? ፕሪንተሩ ጠፍቶ ሳለ «ታትሟል» ይላል። እንዲህ ያለ ጊዜ ኮዱ ራሱ ሦስት ጊዜ ያህል ደግሞ ቢሞክርስ?

መልስ 9 · ስፑለር_ጠባቂ

በራስ ሰር መድገምን አልደግፍም። ከስታርትዶክ በፊት፣ ለምሳሌ ፕሪንተሩን በሚከፍተው ጥሪ ላይ ከወደቀ መድገም ጉዳት የለውም። ስታርትዶክ ከተሳካ በኋላ ግን ስንት ገጽ ወረቀት ላይ እንደወጣ ብራውዘሩ አያውቅም። መድገም ማለት ያው ደረሰኝ ሁለት ጊዜ እንዲወጣ መፍቀድ ነው። ለተጠቃሚው ይነገረውና እሱ ይወስን።

«ታትሟል» የሚለውን ቃልም ተዉት። ከከፕስ (ከሊኑክስ የህትመት ሲስተም) ጋር ስትነጋገር «ከፕስፕሪንትፋይል» የጆብ ቁጥር ከመለሰልህ ወረፋው ተቀብሎታል ማለት ብቻ ነው። (እዚህ ውድቀቱ ዜሮ ነው፤ ምክንያቱን ከፕስላስትኤረርስትሪንግ ይነግርሃል፣ እሱም ሌላ የከፕስ ጥሪ ከመደረጉ በፊት ይነበብ።) ከዚያ በኋላ ጆቡ የት እንደደረሰ የሚነግርህ የጆብ ስቴት ነው፦ 3 ወረፋ ላይ፣ 4 ተይዟል፣ 5 እየተሠራ፣ 6 ቆሟል፣ 7 ተሰርዟል፣ 8 ተቋርጧል፣ 9 ተጠናቋል። ብራውዘር እስከ 9 ድረስ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የለበትም። «ወደ ፕሪንተሩ ተልኳል» ማለት እውነት ነው፣ ይበቃልም። ከዚያ አልፎ መንገር ከፈለጋችሁ የፕሪንተሩን ስቴት ምክንያቶች ጠይቁ፤ «ሚዲያ-ኤምፕቲ» ካለ ወረቀት አልቋል፣ «ሚዲያ-ጃም» ካለ ወረቀት ተይዟል።

የፕሪንተሩ ስቴት 5 ከሆነ ደግሞ ወረፋው ራሱ ቆሟል። የስህተት ፖሊሲው «ስቶፕ-ፕሪንተር» በሆነበት ቦታ አንድ ጆብ ሲወድቅ ወረፋው ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ የተላኩት ሁሉ ተደርድረው ይጠብቃሉ። ፕሪንተሩ መብራቱ ብቻ አይከፍተውም፤ አስተዳዳሪው ከፕስኢኔብል በሚለው ትእዛዝ መክፈት አለበት። ይህን ከመላክ በፊት አይቶ «ይህ ፕሪንተር ቆሟል» ማለት ቀላል ነው፣ ብዙ ግራ መጋባትም ያስቀራል።

ለቴስት እውነተኛ ፕሪንተር አያስፈልግም። ከፕስ 2.3 ጀምሮ «አይፒፒኢቭፕሪንተር» የሚባል አስመሳይ ፕሪንተር አብሮ ይመጣል። አስነሱት፣ ጆብ ላኩ፣ በመሃል ፕሮሰሱን ግደሉትና ብራውዘሩ ምን እንደሚል እዩ።

መልስ 10 · ዜሮ_ገጽ

የፕሪንተሮቹን ዝርዝርና አቅም መጠየቁም በዋናው ትሬድ ላይ አይሁን። የጠፋ የኔትወርክ ፕሪንተር ድራይቨሩ መልስ እስኪያገኝ ድረስ ጥሪውን ይዞት ይቆያል፣ በዚያን ጊዜ ብራውዘሩ በሙሉ ይደርቃል። ከጀርባ ትሬድ ላይ ጠይቁ፣ የጊዜ ገደብ ስጡት፤ ካለፈ ያ ፕሪንተር ብቻ «መልስ አልሰጠም» ተብሎ ሌሎቹ ይታዩ።

መልስ 11 · ፊደል_በባይት

ስህተት ተብሎ የማይመዘገብ፣ ለተጠቃሚው ግን ያው ስህተት የሆነ ነገር አለ፤ የወረቀት መጠን። ኢትዮጵያም ሆነ አውሮፓ ኤ4 ነው፣ 210 በ297 ሚሊሜትር። አሜሪካ ሌተር ነው፣ 215.9 በ279.4። ሎካሉ (የቋንቋና የአገር ቅንብሩ) በአሜሪካ እንግሊዝኛ የተቀመጠ ኮምፒውተር አዲስ አበባ ውስጥም ቢሆን ነባሪው ሌተር ይሆናል፤ ፕሪንተሩ ትሪው ውስጥ ኤ4 ብቻ ስላለው መብራቱን እያብለጨለጨ ሌተር ይጠብቃል። ብራውዘሩ በበኩሉ ሥራውን ጨርሷል። በጂሊብሲ (የሊኑክስ መሠረታዊ ላይብረሪ) ሎካሎች ውስጥ የአማርኛው ኤልሲ_ፔፐር (የወረቀት መጠን ቅንብር) ኤ4 ነው፣ የአሜሪካው እንግሊዝኛ 216 በ279። ስለዚህ ቅድሚያው ይህ ይሁን፦ ተጠቃሚው ባለፈው የመረጠው፣ ከዚያ ፕሪንተሩ ነባሪዬ የሚለው፣ ሎካል መጨረሻ ላይ።

መጠኖቹን በእኩልነት ምልክት አታወዳድሩ። ኤ4 በነጥብ (አንድ ነጥብ የኢንች 1/72 ነው) 595.276 በ841.89 ነው፣ አንዳንዱ ድራይቨር 595 በ842 ይላል፣ አይፒፒ ደግሞ በሚሊሜትር መቶኛ 21000 በ29700 ይሰጣል። ተለውጠው ሲገናኙ በጥቂት ይለያያሉ፣ ኮዱም «ይህን ወረቀት ፕሪንተሩ አያውቀውም» ይላል። የአንድ ነጥብ ልዩነት ፍቀዱ።

መልስ 12 · የኮድ_እመቤት

የገጽ ክልሉንም ከስታርትዶክ በፊት አጣሩት። «5-3»፣ «0»፣ ወይም ስምንት ገጽ ላለው ሰነድ «12-14» ከተጻፈ የሚታተም ገጽ ዜሮ ይሆናል። አሁን ባለው ኮድ ጀምር ተጠርቶ፣ ሉፑ አንድም ጊዜ ሳይዞር፣ ጨርስ ይጠራል፤ ባዶ ጆብ ወረፋ ውስጥ ይገባል። የገጽ ቁጥሩ የሚታወቀው አቀማመጡ ከተሠራ በኋላ ስለሆነ ማጣሪያው ከዚያ በኋላ፣ ከጀምር በፊት ይሁን።

ሜሞሪም አለ። የጂዲአይ (የዊንዶውስ የመሳያ ሲስተም) ማተሚያ ግልጽነት ያለበትን ሥዕል እንዳለ አይቀበልም፣ ካይሮ ያንን የገጹን ክፍል ወደ ምስል ለውጦ ይልከዋል። ሙሉ ኤ4 በ600 ዲፒአይ 4961 በ7016 ፒክስል ነው፤ በፒክስል 4 ባይት ሲታሰብ ወደ 139 ሜጋባይት ለአንድ ገጽ። በ300 ዲፒአይ ወደ 35 ይወርዳል። ባለ 32 ቢት ፕሮሰስ ውስጥ የ600ው ተከታታይ ቦታ አጥቶ ሊወድቅ ይችላል፣ ዜሮ_ገጽ እንዳለው ሰርፌሱ በዝምታ ይሞትና ነጭ ወረቀት ይወጣል። ከየገጹ በኋላ የሚደረገው የስታተስ ፍተሻ ይህንንም ይይዛል። ምክንያቱ «ሜሞሪ የለም» ከሆነ ያንኑ ገጽ በ300 መሞከር ይቻላል፤ ገጹ ገና ለስፑለሩ ካልተላከ ብቻ።

መልስ 13 · ስፑለር_ጠባቂ

ብራውዘራችሁ ባለብዙ ፕሮሰስ ከሆነ አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ ገጹን የሚስለው ፕሮሰስ በመሃል ቢሞትስ? በጌኮ የይዘቱ ፕሮሰስ (ልጁ) የመሳያ ትእዛዞቹን እየመዘገበ ለወላጁ (ለዋናው ፕሮሰስ) ይልካል፣ ከፕሪንተሩ ጋር የሚነጋገረው ወላጁ ነው። ልጁ ከሞተ ቀጣዩ ገጽ አይመጣም፣ ወላጁም ለዘላለም ይጠብቃል። ግንኙነቱ ሲቋረጥ በሚጠራው ፋንክሽን ውስጥ ጆቡ አልቆ ካልሆነ አቋርጡት፣ ስህተቱን አሳውቁ፣ ዲያሎጉን ዝጉ። ክሮሚየም የፕሪንተር ድራይቨሮችን ጭራሽ ለብቻው ወደሆነ የአገልግሎት ፕሮሰስ አውጥቷቸዋል፤ የሦስተኛ ወገን ድራይቨር ሲወድቅ ብራውዘሩን ይዞ እንዳይወድቅ። እዚያም ያው የመቋረጥ ፋንክሽን ያስፈልጋል።

ወላጁ ከልጁ የሚመጣውን የገጽ ቁጥርና መጠን ሳያጣራ አይጠቀም። ልጁ የማይታመን ፕሮሰስ ነው።

መልስ 14 · ገጽ_ቆራጭ

እስካሁን ከተባለው የያዝነው ቅደም ተከተል፦ መጀመሪያ ቴስቶቹ ብቻ (ትንሹ ቲኤምፒኤፍኤስ፣ ረጅሙ ርዕስ፣ በቢፎርፕሪንት ውስጥ አይፍሬም የሚነቅል ገጽ፣ ባዶ የገጽ ክልል)፣ አሁን እንደሚወድቁ ምልክት ተደርጎባቸው። ሁለተኛ መመለሻዎቹና ኖዲስካርድ። ሦስተኛ ሁለቱ ጠባቂዎች። አራተኛ ርዕስ መቁረጥ። አምስተኛ መልእክቶቹ። መልእክቶቹ ላይ ነው ያልተስማማነው፤ ገሚሱ ለየኮዱ የተለየ መልእክት ይኑር ይላል፣ ገሚሱ አንድ ይበቃል ይላል።

መልስ 15 · የኮድ_እመቤት

ተጠቃሚው የተለየ ነገር ማድረግ የሚችል ከሆነ የተለየ መልእክት፣ ካልሆነ አንድ የጋራ። «ተሰርዟል» ምንም መልእክት አያስፈልገውም፤ የሰረዘው ራሱ ነው። «ፕሪንተር የለም»፣ «በዚህ ስም አልተገኘም»፣ «ፋይሉን መክፈት አልተቻለም»፣ «ቦታ የለም» እያንዳንዳቸው የራሳቸው ይኑራቸው፣ ምን እንደሚደረግም ይናገሩ፦ «ዲስኩ ላይ ቦታ የለም። ሌላ ቦታ መርጠው እንደገና ያስቀምጡ።» ስታርትፔጅ መውደቁን ከስታርትዶክ መውደቅ መለየት ግን ለተጠቃሚው ምንም አይጨምርለትም። የጋራው መልእክት ይውጣና ኮዱ ከገጹ ቁጥር ጋር ሎግ ላይ ይጻፍ። ጌኮ ውስጥ ሞዝ_ሎግ (የሎግ ማብሪያው) ላይ የ«ፕሪንቲንግ» ሞጁሉን ደረጃ 5 ካደረጋችሁት የፕሪንት ጆቡ እርምጃዎች ይታያሉ፤ አዲሶቹን መስመሮች እዚያው ሞጁል ላይ ጨምሩ፣ አዲስ አትክፈቱ።

የሰነዱን ርዕስና የፋይሉን መንገድ ግን ሎጉ ላይ አታስገቡ። ሰዎች ባግ ሲመዘግቡ ሎጉን እንዳለ ይለጥፉታል፣ የሚያትሙት ደግሞ የባንክ ወረቀትና የሕክምና ውጤት ነው።

መልስ 16 · ዜሮ_ገጽ

በሁለተኛው ፓች ላይ አንድ ነገር፦ ኖዲስካርድ ሲጨመር ሰዎች ማስጠንቀቂያውን ለማጥፋት ውጤቱን ወደ ባዶ ቀይረው ያልፉታል። ሪቪው ላይ እያንዳንዱን እንዲህ ያለ ቦታ ለምን እንደሆነ በአንድ መስመር ኮሜንት እንዲጽፉ ጠይቁ። የእውነት ውጤቱ ችላ ሊባል የሚገባው አቦርትዶክን የሚጠራው ቦታ ብቻ ነው፤ እያቋረጥክ ሳለ ማቋረጡ ቢወድቅ የምታደርገው የለም፣ የመጀመሪያውን ስህተት ነው መመለስ ያለብህ።